ወለሉን ማን ሰነጠቀው

ወለሉን የሰነጠቅነው እኛ ሴቶች አይደለንም። በዚህ የምጀምረው ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ ብዬ ነው። የጸሎት ቤታችን ምድር ቤት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲሰነጠቅ «የሴቶች ሙቀጫ ነው» ተብሎ በእሁድ ጉባኤ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ በወላይትኛም በአማርኛም ተነገረብን። የክፍሉም ቁልፍ ከእጃችን ተወሰደ። ያን ቀን አብረውኝ ከተቀመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የጸሎት ቤት ወለል ሰባሪ እንደተባሉ የተቀበሩ አሉ። እኔ አለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላም በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና መጻፍ አያቅተኝም።

ምድር ቤት ስል የትልቅ ከተማ ፎቅ እንዳይመስላችሁ። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤት ሲሠራ የላይኛው በር ከመንገዱ እኩል ይሆንና የታችኛው ወገን ባዶ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ በግንብ ሲዘጉት ክፍል ይወጣዋል። የእኛም እንደዚያ ነው። ላይ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ታች፣ ከእግራቸው ሥር፣ እኛ እንቀቅላለን፣ እንወቅጣለን። ከበሮው ሲመታ የድስት ክዳን ይንቀጠቀጥ ነበር። በበጋ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በክረምት ግድግዳው ያልበዋል።

ቦታው የአንዲት ባልቴት ጓሮ ነበር። ደርግ ወድቆ ተዘግተው የከረሙ ጸሎት ቤቶች ሲከፈቱ የእኛ ሰዎች መሰብሰቢያ አልነበራቸውም። በየቤቱ ተደብቆ መዘመር የለመደ ሰው አደባባይ ሲፈቀድለት የት እንደሚቆም ግራ ገባው። ባልቴቷ «እኔ ጋ ኑ» አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። እንደ እናታችን ስለምናያት አንቱ አንላትም ነበር። የሰጠችን ባዶ መሬት እንዳይመስላችሁ። እንሰቷን ነው የሰጠችን። በእኛ አገር ሴት እንሰቷን ሰጠች ማለት ጎተራዋን ሰጠች ማለት ነው።

በጓሮዋ የቆጮ ጉድጓድ ነበራት። እንሰት ይፋቃል፤ የተፋቀው ቅጠል በለበሰ ጉድጓድ ይቀበራል፤ በላዩ ድንጋይ ይጫንበትና እስኪብላላ ይቆያል። የባልቴቷ ጉድጓድ ሰፊና ጥልቅ ነበር። ቦታውን ስታስረክብ «እዚያ ውስጥ ያለው ለሚሠራው ሰው ይሁን» አለች። ሥራው ሲጀመር ከዚያ ጉድጓድ እየወጣ ተጋገረ፤ አሸዋ ያወረደውም፣ ድንጋይ የፈለጠውም፣ ውሃ የቀዳውም በላ። እኔም በልቻለሁ። ጥሩ ቆጮ ነበር፤ ነጭ፣ ቃጫ የሌለው። ጉድጓዱ ባዶ ሲቀር ባልቴቷ ራሷ ድንጋዮቹን አጥባ ዳር ላይ ደረደረቻቸው።

ከዚያ ወንዶቹ እንሰቱን ቆረጡ፤ ተዳፋቱን ቆፍረው ደለደሉ። ድልዳሉን የመሩት ያኔ ጎልማሳ የነበሩ፣ ኋላ ከጸሎት ቤቱ ዋና ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ «ሽማግሌው» የምለው እሳቸውን ነው። መሬቱ ሲስተካከል ጓሮው መልኩ ጠፋ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ቦታ የት ምን እንደነበረ ጠፋኝ። ኮንክሪቱ በፈሰሰበት ቀን እኛ ሴቶች ከታች ምንጭ ውሃ በእንስራና በጀሪካን እናመላልስ ነበር። ስመጣ ባልቴቷ ጥቁር ጃንጥላዋን ዘርግታ ከዳር ቆማለች። ስመለስም እዚያው ናት። «ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» ብላት «ልጄን እየዳርኩ እንዴት እቀመጣለሁ» አለችኝ።

ጸሎት ቤቱ ተመርቆ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በቀብሯ ላይ ሽማግሌው ተናገሩ፤ «እንከን የሌለው ስጦታ ሰጠችን» አሉ። ቃሉ ጥሩ ነበርና ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ ወዲህ የምርቃቱ ቀን በተከበረ ቁጥር ያን ቃል ይደግሙታል፤ «እንከን የሌለው ስጦታ»። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምድር ቤቱ የሴቶች ክፍል ሆነ። ማንም አልሰጠንም፤ ገብተን ሠራንበት፣ የእኛ ሆነ። ኦቶና ሆስፒታል ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከጉኑኖ፣ ከቦዲቲ፣ ከዚያም ከራቀ ቀበሌ ሰው በሽተኛውን ይዞ ይመጣል። በሽተኛው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ሣር ላይ ይቀመጣል። ከቤቱ የያዘው ስንቅ ሲያልቅ ወይ ይራባል ወይ በሽተኛውን ትቶ ይሄዳል። እኛ ለእነዚያ ሰዎች እናበስል ነበር፤ ቆጮ፣ እኛ ቦይና የምንለውን ጎደሬ፣ ጎመን፣ ዳታ ከምንለው ከሚያቃጥለው ማባያችን ጋር። ዳታ ያለ በርበሬ አይሆንም፤ በርበሬ ያለ ሙቀጫ አይሆንም። ሙቀጫችን ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ ነበር። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመን በየተራ ዘነዘና እናወርድበታለን። አንዷ ከሳተች ሳቅ ነው።

ስንጥቁ መጀመሪያ እንደ ፀጉር ነበር፤ ከበሩ ትይዩ ካለው ከሩቁ ጥግ ተነስቶ በግድግዳው ሥር የተደበቀ። ማንም አላስተዋለውም። ቀጥሎ የበርበሬ ፍሬ ይገባበት ጀመር። ጎረቤቴ፣ ከእኔ ጋር የምትወቅጠው፣ «ይሄ ስንጥቅ ከአስታማሚዎቹ የበለጠ በርበሬ በላ» ትል ነበር። እያደር ወለሉን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ አለ፤ ድስት ስናወርድ ወጡ ወደ ጥጉ ያዘነብላል። በክረምት ከውስጡ ውሃ ያመነጫል፣ በበጋ ጉንዳን ይወጣበታል። እኛ ለምደነው ነበር። ድስቱን በጠጠር ደገፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቁሞ የሚሠራ ሰው እግሩን እንዳያደናቅፈው ማስጠንቀቅ፣ በቃ። እኔ የዚያን ጊዜ የሚመስለኝ ሲሚንቶው ያነሰ ነበር። ለጎረቤቴም፣ ለሚሰማኝም ሁሉ «ሲሚንቶ ሰስተው ነው» እል ነበር። እሱም ልክ አልነበረም።

ሚሊኒየሙ ሲቀርብ ከተማው ሁሉ ቀለም መቀባት ያዘ። የእኛም የሕንፃ ኮሚቴ ምድር ቤቱ አዳራሽ ይሁን አለ፤ ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ከሌላ አጥቢያ ለሚመጡ እንግዶች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ የሚሠራ የተማረ ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ። ክፍሉን አይተው ከወጡ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። በሚቀጥለው እሁድ ማስታወቂያ ተነበበ፤ «በሴቶች ክፍል ሙቀጫ ምክንያት የተሰነጠቀው የምድር ቤት ወለል ስለሚታደስ፣ ከዛሬ ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ማብሰልም ሆነ መውቀጥ የተከለከለ ነው፤ ቁልፍ የያዙ እህቶች ለኮሚቴው ያስረክቡ።» በወላይትኛ ተደገመ። መዘምራኑ መሃል ያሉ ልጃገረዶች አንገታቸውን አዙረው እኛን አዩን።

በማስታወቂያ ጊዜ ሰው አይነሳም። እኔ ተነሣሁ።

«ማን አየ?» አልኩ።

ሰብሳቢው ከማጉያው ፊት ደነገጠ። «እማማ፣ ከፕሮግራም በኋላ እንነጋገራለን።»

«ሙቀጫው የሚቆመው በሩ አጠገብ ነው፤ ስንጥቁ የተነሣው ከወዲያኛው ጥግ ነው። ሙቀጫ እግር አለው እንዴ?»

ከኋላ የሳቀ አለ። «እማማ፣ እባክዎ፣ ከፕሮግራም በኋላ።»

«በማጉያ የተባለ በማጉያ ይመለሳል እንጂ ደጅ ላይ አይመለስም!»

ያኔ ሽማግሌው ከመድረክ ወንበራቸው ተነሡና «እንጸልይ» አሉ። ሰው «እንጸልይ» ካለ በኋላ ምን ይባላል? ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ዓይኔን ገልጬ እንደቆምኩ ጸሎቱ አለቀ።

ቁልፉን ጎረቤቴ አስረከበች። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር፤ እሷ ግን ጠብ አትወድም። ሙቀጫውን እያንከባለልን ወደ ቤቴ ወሰድነው። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ «እማማ፣ ላድርሳችሁ? የሦስት ሰው ሒሳብ ነው፣ እሱም ሰው ነው» አለን። ጎረቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

መጀመሪያ ርካሹን ሞከሩ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ለጥፈው በላዩ አበባ ያለበት ፕላስቲክ ምንጣፍ ዘረጉ። ለዓይን ያምር ነበር። ክረምት ሲገባ ክፍሉ ሸተተ። ምንጣፉን ሲገልጡት ሥሩ ሻጋታ ለብሷል፤ የለጠፉት ሲሚንቶ ለሁለት ተላቅቋል። ተጠቅልሎ ተጣለ። ከዚያ «ሴራሚክ ይሁን» ተባለ፤ ከቦዲቲ ሴራሚክ አንጣፊ መጣ። ወጣት ነው፤ እየዘፈነ የሚሠራ፣ እየሠራ የሚቀልድ። ወለሉን አስተካክሎ ሊሾ አፈሰሰበት፤ ስንጥቁ ጠፋ። በላዩ ነጭ ሴራሚክ በክር እየለካ ደረደረ። እውነት ለመናገር የሚያምር ሥራ ነበር። ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ እስከ ጥጉ ይሮጥበት ነበር። ሰው ጫማውን አውልቆ ገባ። እኛም እንድንገባ ተፈቀደልን፤ ለመወልወል።

ምግቡን ከግቢው አጥር ሥር፣ በላስቲክ ጥላ፣ ሦስት ጉልቻ አድርገን እንሠራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩ ሆዱን ይነፋና ድስት ላይ ይደፋል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ወጡ ውሃ ሆነ፤ እሳቱ ጠፋ። ልጇን ኦቶና አስተኝታ ምግብ የምትጠብቅ ከጉኑኖ የመጣች ሴት አብራን ቆማ እየተበሰበሰች ነበር። ወደ ጸሎት ቤቱ የታችኛው በር ጠቆመችና «ያ ቤት የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኛ ነው» አልኳት።

«እና ለምን እዚህ ቆማችሁ?»

ጎንበስ ብዬ የራሰውን እንጨት ከጉልቻው አወጣሁ። ያን ቀን ባዶ ሳህን ይዛ ነው የሄደችው። እኔን ከስሜ መጥፋት ይልቅ ያ ሳህን ያናድደኛል፤ ግን ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ሙቀጫ ሰበረው ባይባል ኖሮ በሩ ባልተዘጋ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ለአንድ ሠርግ ወለሉን እንድንወለውል ተጠራን። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ወደ ጥጉ ስደርስ ሴራሚኩ ከእግሬ ሥር እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በመጥረጊያው እንጨት መታ መታ አደረግሁት፤ በር አካባቢ ያለው ድምፁ ጥቅጥቅ ነው፣ ጥጉ ክፍት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ስንጥቁ ተመልሷል። ከአንዱ ሴራሚክ ወደ ሌላው እየተቀባበለ፣ በዚያው በድሮ መንገዱ።

ሰብሳቢውን አስጠራሁት። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከና በጣቱ ተከተለው።

«ልጄ፣ ሙቀጫው የት ነው ያለው?»

«እርስዎ ቤት።»

«ቁልፉስ?»

«እኔ ኪስ።»

«እንግዲህ ወይ ሙቀጫዬ በቁልፍ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፣ ወይ እኛ አይደለንም።»

ፈገግታውን ሊውጥ ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ እኔ ይህ ቤት ሲሠራ ልጅ ነበርኩ። የነገሩኝን ነው ያስነገርኩት።»

«ማን ነገረህ?»

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። አባቶችን አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ አይደለም። አልጫንኩትም። «አስቆፍረው» ብቻ አልኩት።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሴራሚኩ ተነሣ። የጥጉ ኮንክሪት በመዶሻ ሲመታ የሚሰባበር መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ወደ ታች ሰመጠ። መቺው አንድ እግሩ እስከ ጭኑ ገባ። ጎትተው ሲያወጡት ከቀዳዳው ሽታ ተነሣ። ኮምጣጣ፣ እርጥብ፣ የታወቀ ሽታ። ስንት ዓመት ሲሚንቶ ተጭኖት አልሞተም። ከላይ ያለው አፈር ሰምጦ በኮንክሪቱና በአፈሩ መካከል ሰው የሚተኛበት ባዶ ቦታ ተከፍቷል። ከሥሩ እንደ ራሰ ወረቀት የሚበጣጠስ ጥቁር የእንሰት ቅጠል ይወጣል፤ የግንዱ ልጣጭም በብዛት አለ።

አንጣፊው ልጅ አፍንጫውን አስገብቶ ቀና አለና «እማማ፣ ምሳ ተገኝቷል!» አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ዕድሜያችን የደረሰ ሁላችን አውቀነዋል። የባልቴቷ ጉድጓድ ነው። እኔ ወደ ላይ፣ አሁን ደረጃው ያለበት አካባቢ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የበላሁት ቆጮ ጣዕሙ ምላሴ ላይ መጣ፤ ነጩ፣ ቃጫ የሌለው። ለካ በላዩ ቆመን ነበር ለሰው ስናበስል የኖርነው።

ከዚያ ሽማግሌውን አየኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ከበሩ ቆመዋል። ጉድጓድ ድንገት የተገለጠለት ሰው ጉድጓዱን ያያል። እሳቸው ግን እኔን ያዩ ነበር። ያኔ ገባኝ።

ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፣ ግን ከንዴቱ በላይ ግራ ገባኝ። ውሸታም ሰው አይደሉም። ልጄ ሲሞት ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው የሰነበቱ ሰው ናቸው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ታሞ በነበረበት ጊዜ ጓሮዬን በልጆቻቸው ያስቆፈሩልኝ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው እያወቀ በድፍን ሴቶች ላይ ነገር የሚጭነው ምን ሲሆን ነው? መጥፎ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ጉድጓዱ በዚህ ጊዜ እንደሚገባው ተሞላ። ቅጠሉ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ በላዩ ትንንሽ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ገረገንቲ የሚሉት ጠጠራም አፈር እየተጨመረ ውሃ እየጠጣ ተጠቀጠቀ። ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፤ ፌሮ ታሰረ፤ አዲስ ኮንክሪት ፈሰሰ። እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት ሲባል ያጠጣነው እኛው ነን። ጎረቤቴ «ሰባሪዎቹ ሞግዚት ሆንን» አለች። ኮንክሪቱ ጸና። አዲሱ ሴራሚክ በካርቶን መጥቶ በር ላይ ተደረደረ። ቁልፉ እንደሚመለስልን ሰብሳቢው በሹክሹክታ ነገረኝ። ስለ ማስታወቂያው ስጠይቀው «እማማ፣ ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ መናገር ምን ያስፈልጋል?» አለ።

ያስፈልጋል። ጉድጓዱን ያየው በዚያ ቀን ግቢ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ማስታወቂያውን የሰማው ጉባኤው ሁሉ ነው። ሴራሚኩ አንዴ ከተነጠፈ የሚታይ ነገር አይኖርም፤ የሚቀረው የተባለው ነው።

ስለዚህ ሴራሚኩ በሚነጠፍበት ጠዋት ሙቀጫዬን አስመጣሁ። በዚያው ባጃጅ ነጂ ነው ያስመጣሁት። ኮንክሪቱ መሃል ላይ ደፋሁትና ተቀመጥኩበት። ጎረቤቴ፣ ጠብ የማትወደዋ፣ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

አንጣፊው ልጅ ሲሚንቶውን አቡክቶ ጨርሷል። «እማማ፣ ይሄ እየደረቀ ነው።»

«ይድረቅ። እኔም ደርቄያለሁ።»

«ዙሪያዎን ልሥራና እንደ ሐውልት መሃል ልተውዎት?»

«ሐውልት አፍ የለውም። እኔ አለኝ። ሂድና ሽማግሌውን ጥራ።»

እየሳቀ ሄደ። ሽማግሌው ሲመጡ በጸሎት ቤቱ የላይኛው በር ሳይሆን በታችኛው ነው የመጡት። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ተዳፋት ወርደው። በሩ ላይ ቆመው ኮንክሪቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተነሺ እህቴ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ወለል በምንጣፍ ተሸፈነ፣ በሴራሚክ ተሸፈነ። አሁን ደግሞ ሳይሸፈን በፊት ይንገሩኝ። ያውቁ ነበር?»

ከተደረደሩት ካርቶኖች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ልጁን በእጃቸው ወደ ውጭ ላኩት። ጎረቤቴ ልትነሳ ስትል «ቆዪ፣ አንቺም ስሚ» አሏት።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ኮንክሪቱ የፈሰሰ ቀን ለጉድጓዱ ድንጋይ አዘጋጅተን ነበር። እሷ ጃንጥላዋን ይዛ እዚያ ጋ ቆማለች። አንዱ ሰው የመጀመሪያውን ድንጋይ ጣለ። ድምፁን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። እኔ አየኋት። መቃብር የምንሞላ መሰለኝ። ቆማ እያየች የበላንበትን ጎተራዋን በድንጋይ እንዴት እንወግረዋለን? ‹ተዉት› አልኳቸው። የቆረጥነውን የእንሰት ግንድና ቅጠል ጨመርን፤ አፈር በቀስታ አለበስነው፤ በእግራችን ረገጥ ረገጥ አደረግነው። ‹ይበቃዋል› አልን። ከዚያ ኮንክሪቱ ፈሰሰ።»

«ለእሷ አዘናችሁ። መልካም ነው» አልኩ። «ሲሰነጠቅስ? ያኔ እኮ እሷ የለችም።»

«በቀብሯ ላይ ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ።»

«እንከን የሌለው ስጦታ።»

«በየዓመቱ እየደጋገምኩት። ታዲያ ያን አፌን ይዤ ‹የሰጠችን ቦታ ጉድጓድ ነበረበት› ልበል? ሰው የሚይዘው ጉድጓዱን ነው። ‹ባዶ ነገር ሰጠቻቸው› ይባላል። የምትመልስበት አፍ የላት፤ የሚመልስላት ልጅ የላት።»

«ስለዚህ ሙቀጫ አሉ።»

«አንድ ነገር መባል ነበረበት። ሰብሳቢው ምን ሰነጠቀው ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ነኝ ሙቀጫ ያልኩት።» ቀና ብለው አዩኝ። «እሷ አትመልስም፤ አንቺ ትመልሻለሽ። ትቆጫለሽ፣ ከዚያ ይበርድልሻል ብዬ ነው።»

«አልበረደልኝም።»

«አየሁ» አሉ። ያን ጠዋት ጎረቤቴ መጀመሪያ የሳቀችው እዚህ ጋ ነው።

ያን ቃላቸውን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ቤቴ ውስጥም፣ ገበያም፣ ልቅሶ ቤትም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነገር ሲከፋፈል ከባዱ የሚጣለው ይችላል በተባለው ላይ ነው። መቻሌ ፍርድ ሆኖ ተቆጠረብኝ። ግን ደግሞ፣ ያን ጃንጥላ እኔም አይቼዋለሁ። ፊቷን ስታዞር አጠገቧ ብቆም ኖሮ እኔም «ተዉት» እል ነበር ይሆናል። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። የሚገባቸውን ያህል ብቻ ነው የሰጠኋቸው።

«እሁድ በማጉያ ይናገሩ» አልኩ። «በተባለበት።»

«ስሟ እንዴት ይሁን?»

እዚህ ላይ እኔም ቆም አልኩ። የእኛን ስም ለማንሳት የእሷን መጣል ፍርድ አይደለም። የጎደለን ቦታ ባልጎደለ ቦታ አፈር አይሞሉትም። «ጋሼ፣ ጉድጓዱ ነውር አይደለም» አልኳቸው። «ጉድጓዱ እኮ ነው ያበላን። ነውሩ አለመሙላቱ ነው፤ እሱ ደግሞ የእሷ ሥራ አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሣሁ። ሙቀጫውን ጎረቤቴ ከወዲህ እኔ ከወዲያ ሆነን አንከባለልነው፤ አንጣፊው ልጅ እየሮጠ መጥቶ ክሩን ወጠረ፤ «የደረቀው ሲሚንቶ በማን ነው?» እያለ። ሴራሚኩ ተነጠፈ። በበሩ አጠገብ፣ ሙቀጫው ድሮ የቆመበት ቦታ፣ ልጁ ማንም ሳያዘው ሴራሚክ ሳይሆን ሻካራ ድንጋይ አኖረ። «ለሰውየው» አለኝ፣ ሙቀጫውን ማለቱ ነው።

እሁድ ማስታወቂያዎቹ ካለቁ በኋላ ሽማግሌው ወደ ማጉያው ወጡ። በወላይትኛ ተናገሩ። ጨርሰው ሊወርዱ ሲሉ ተነሣሁ። ክሱ በአማርኛም ነበርና ቆሜ ጠበቅኋቸው። አዩኝ። ከደረጃው አንድ እግራቸውን አውርደው ነበር፤ መለሱትና እንደገና ማጉያውን ያዙ፤ በአማርኛም እንዲህ አሉ፦

«ወለሉን ሙቀጫ አልሰነጠቀውም። ከሥሩ ያበላን የእናታችን የቆጮ ጉድጓድ ነበረ፤ በድንጋይ ሳንሞላው ኮንክሪት ያፈሰስነው እኛ ነን። እያወቅሁ እህቶቼን ከሰስኩ። ስጦታው እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ የእኔ ነው። እህቴ፣ አሁን ተቀመጪ።»